አልጋና ቁም ሳጥን የሚሠራው ፋብሪካ እና ሆርሳ የተባለው አውሮፕላን

ሰሜን ለንደን ውስጥ፣ ቶተንሃም ሄል በሚባለው ሰፈር፣ ሊ ወንዝ ዳር አንድ ግዙፍ ፋብሪካ ነበር። ስሙ ሃሪስ ሌበስ ይባላል። ሥራው አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ ቡፌ፣ ባጠቃላይ የቤት ዕቃ ነው። በዘመኑ ከዓለም ትልልቅ የቤት ዕቃ ፋብሪካዎች አንዱ ነበር። እንጨቱ በጀልባ በወንዙ ይመጣል። በአንድ በኩል ጣውላ ሆኖ ይገባል፣ በሌላ በኩል ቁም ሳጥን ሆኖ ይወጣል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከዚሁ ፋብሪካ የአውሮፕላን ክንፍና ገላ ይወጣ ጀመር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚወደሰው የአናጺው እጅ ነው። «እጀ ወርቅ አናጺዎች አውሮፕላን ሠሩ» ይባላል። ውሸት አይደለም። እኔን ግን ይበልጥ የሳበኝ ሌላ ነገር ነው። ሆርሳ የተባለው ሞተር አልባ አውሮፕላን ገና ወረቀት ላይ እያለ፣ የቤት ዕቃ ሠራተኛ እንዲሠራው ሆኖ ተቆራርጦ ነበር። አናጺው የአውሮፕላን መሐንዲስ እንዲሆን አልተጠየቀም። መሐንዲሱ ነው መጀመሪያ ወደ አናጺው የሄደው።

ስለ ፋብሪካው ጥቂት ልበል። መሥራቹ ሉዊስ ሌበስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከብሬስላው ወደ እንግሊዝ የመጣ አይሁዳዊ የእንጨት ባለሙያ ነው። ብሬስላው ያኔ የፕሩስያ ከተማ ነበረች፤ ዛሬ ቭሮትስዋፍ የምትባለው የፖላንድ ከተማ ናት። ሥራውን በምሥራቅ ለንደን አቋቋመ። ልጁ ሃሪስ ድርጅቱን አሳደገውና በ1900 አካባቢ ሰፋ ወዳለው ቶተንሃም ወሰደው። እዚያ ሥራው በማሽን ሆነ። አንድ ሰው አንድ ቁም ሳጥን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሠራበት ቦታ አልነበረም። አንዱ ይሰነጥቃል፣ አንዱ ይልጋል፣ አንዱ ያጣብቃል፣ አንዱ ይቀባል። አንድ ዓይነት በር በብዙ መቶ ይወጣል፣ ሁሉም በር ለሁሉም ሳጥን ይገጥማል። ይህችን ነገር ያዟት፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ለአውሮፕላንም ፈጽሞ እንግዳ አልነበሩም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሃንድሊ ፔጅ የተባሉትን ትልልቅ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ሠርተዋል። ያኔ ግን አብዛኛው አውሮፕላን እንጨትና ጨርቅ ነበር። በ1940 ዘመኑ የአሉሚኒየም ሆኗል። የእንጨት አውሮፕላን የሚል ሰው እንደ ኋላ ቀር ይታይ ነበር።

ታዲያ እንጨቱ እንዴት ተመለሰ?

ሜይ 10 ቀን 1940 የጀርመን ወታደሮች ኤበን ኤማኤል በተባለው የቤልጂግ ምሽግ ላይ በግላይደር አረፉ። ግላይደር ሞተር የሌለው አውሮፕላን ነው። ሞተር ያለው አውሮፕላን በገመድ ይጎትተዋል። ቦታው ሲደርስ ገመዱን ይለቅና ብቻውን እየተንሳፈፈ ይወርዳል። ድምፅ የለውም። ኤበን ኤማኤል የማይደፈር የሚባል ምሽግ ነበር። ጣሪያው ላይ ያረፉት ከመቶ ያነሱ ሰዎች ናቸው፤ በማግስቱ ምሽጉ እጁን ሰጠ።

እንግሊዞች ይህን አዩ። በጁን ወር ቸርችል 5,000 የፓራሹት ወታደር እንዲሠለጥን አዘዘ። ፓራሹት ግን ችግር አለው። ሰው በነፋስ ይበተናል፣ መሬት ከደረሰ በኋላ መሰብሰብ አለበት። ጂፕና መድፍ ይዞ መዝለልም አይቻልም። ትልቅ ግላይደር ግን ሠላሳ የሚጠጋ ሰው ከነመሣሪያው አንድ ቦታ ላይ ያራግፋል።

ችግሩ፣ አሉሚኒየሙ ለተዋጊና ለቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ተይዟል። የአውሮፕላን ፋብሪካዎቹም ሥራ በሥራ ናቸው። በሌላ በኩል የቤት ዕቃ ፋብሪካዎች ሥራ ቀንሶባቸዋል። እንጨት ከውጭ የሚመጣው በመርከብ ነው፣ መርከቡን ደግሞ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ያሰጥሙታል። መንግሥት ለቤት ዕቃ የሚሰጠውን እንጨት ቀነሰ። መጋዙ አለ፣ መጭመቂያው አለ፣ ሰው አለ፤ ሥራ ግን የለም። ሁለቱን ማገናኘት ነበር የቀረው።

የመጀመሪያው ሙከራ ሆትስፐር ይባላል። ስምንት ሰው የሚይዝ ትንሽ ግላይደር ነው። ከ1,000 በላይ ተሠርቷል፣ አብዛኛውን የሠራው ሌበስ ነው። ለውጊያ ግን አነሰ። ስምንት ሰው ከነመሣሪያው ምን ያደርጋል? ሆትስፐር አንድም ጊዜ ጦር ሜዳ አልወረደም፣ አብራሪዎች ተለማመዱበት። ለሌበስ ግን ጥሩ ትምህርት ቤት ነበር ብዬ አምናለሁ። ትልቁ ሥራ ሲመጣ ሠራተኛው ከአውሮፕላን ጋር ተዋውቆ ቆየው።

ትልቁ ሥራ ሆርሳ ነው። የነደፈው ኤርስፒድ የተባለው ኩባንያ ነው፣ ዋናው ንድፍ አውጪ ሄሰል ቲልትማን። የሠሩት ሳልስበሪ ሆል በሚባል ከለንደን በስተሰሜን ባለ አሮጌ የገጠር መኖሪያ ቤት ውስጥ ነው። እዚያው ግቢ ውስጥ የዴ ሃቪላንድ ሰዎች ሞስኪቶ የተባለውን ዝነኛ የእንጨት አውሮፕላን ነድፈው ነበር። የዘመኑ ሁለቱ ታላላቅ የእንጨት አውሮፕላኖች ከአንድ ቤት ወጡ ማለት ነው።

ለሆርሳ ከወጣው መስፈርት ውስጥ አንዱ እንዲህ ይላል ሲጠቃለል፦ አውሮፕላኑ በ30 ክፍሎች ይከፈል፣ ክፍሎቹንም በዋናነት የቤት ዕቃ ሠሪዎች መሥራት ይቻላቸው።

ይህን ቀለል አድርጎ ማለፍ አይገባም። ሆርሳ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 27 ሜትር ገደማ ነው። ርዝመቱ 20 ሜትር ይሆናል። ሙሉ ጭነት ሲይዝ 7 ቶን ይመዝናል። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ጣሪያ ሥር ለመሥራት ሃንጋር፣ ማለትም ሰፊ የአውሮፕላን መጠለያ ያስፈልጋል። ሃንጋር ያለው ደግሞ የአውሮፕላን ፋብሪካ ብቻ ነው። በ30 ሲከፈል ግን እያንዳንዱ ቁራጭ በእንጨት ሥራ ቤት በር ይገባል፣ በጭነት መኪና ይጫናል፣ በተለመደው የእንጨት ማሽን ይሠራል። አንዱ ድርጅት ጅራት፣ ሌላው የክንፍ ጫፍ፣ ሌላው ወለል ይሠራል። አንዱ በቦምብ ቢመታ እንኳ ሁሉ ነገር አይቆምም።

ንድፉ ተጀምሮ የመጀመሪያው ሆርሳ እስኪበር አሥር ወር ገደማ ነው የፈጀው። ሴፕቴምበር 12 ቀን 1941 ከለንደን በስተምዕራብ ካለ የፌሪ ኩባንያ ሜዳ ተነሣ። ያ ሜዳ ዛሬ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ነው።

አሁን ወደ እንጨቱ እንግባ፣ የምወደው ክፍል ይህ ነው።

የሆርሳ ገላ ክብ ቱቦ ነው። በውስጡ እንደ በርሜል ቀለበት የተደረደሩ የእንጨት ክቦች አሉ። በላያቸው ኮምፔንሳቶ ይለበጣል። ኮምፔንሳቶ ስንል አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን የአልጋ ጀርባ ወይም የመሳቢያ ወለል ነው። ሥራው ግን ረቂቅ ነው። እንጨት በጅማቱ አቅጣጫ ጠንካራ ነው፣ በአግድሙ ግን ቶሎ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ስስ ልጣጮች አንዱ በቁመት፣ አንዱ በአግድም እየሆኑ ይጣበቃሉ። ያኔ በሁሉም በኩል ጠንካራ፣ ክብደቱ ግን ቀላል ገበታ ይገኛል።

የቤት ዕቃ ሠሪ ይህን ያውቃል። የማያውቀው የጥንቃቄውን ልክ ነው። ቁም ሳጥን ላይ ጉጥ ቢኖር ጌጥ ነው ይባላል። አውሮፕላን ላይ ጉጥ ስብራት ነው። ቁም ሳጥን ላይ መጋጠሚያው ቢላላ በስቱኮ ተሞልቶ ይቀባል፣ ማንም አያየውም። አውሮፕላን ላይ ኮላ ክፍተት መሙያ አይደለም። ሁለቱ እንጨቶች በደንብ ተልገው መነካካት አለባቸው፣ በሞርሳ እኩል መጨመቅ አለባቸው፣ እስኪደርቅ መጠበቅ አለባቸው። የእንጨቱ እርጥበት ይለካል። በጣም ርጥብ ከሆነ ኋላ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ መጋጠሚያውን ይከፍተዋል። ጀርባህን ሰጥተህ የምትሄድበት ሥራ አይደለም። የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች እያንዳንዱን ክፍል እያዩ ማኅተም ያደርጉ ነበር።

ኮላው ራሱ ታሪክ አለው። የድሮ የቤት ዕቃ ኮላ ከከብት ቆዳና አጥንት ተቀቅሎ ነው የሚሠራው። በሙቀት ይቀልጣል፣ በእርጥበት ይለሰልሳል። ሳሎን ውስጥ ችግር የለበትም፣ ዝናብ ላይ ለሚያድር አውሮፕላን ግን አይሆንም። ከወተት የሚወጣው የኬዚን ኮላ ይሻላል፣ ግን እሱንም እርጥበትና ሻጋታ ያጠቁታል። በ1930ዎቹ መጨረሻ ኖርማን ዴ ብራይን የተባለ ሰው ካምብሪጅ አጠገብ፣ ዳክስፎርድ ውስጥ ኤሮላይት የተባለ ሰው ሠራሽ ኮላ አወጣ። በኬሚካል ማጠንከሪያ ይደርቃል፣ ውኃ በቀላሉ አይፈታውም። ሞስኪቶም ከኬዚን ወደዚህ ዓይነቱ ኮላ ተሸጋገረ። እውነቱን ለመናገር፣ ያለ አዲሱ ኮላ የእንጨት አውሮፕላን ያን ያህል አይራመድም ነበር።

አሁን ያዟት ያልኳችሁ ነገር ላይ ደረስን። ሌበስ ከመንደር አናጺ የሚለየው በጥበብ አይደለም። የመንደር አናጺ ምናልባት ከሌበስ ሠራተኛ የበለጠ እጅ ይኖረዋል። ግን አሥር በር ቢሠራ አሥሩም ትንሽ ትንሽ ይለያያሉ። እሱ በቦታው ላይ እየላገ ያገጥማቸዋል። ሆርሳ ላይ ይህ አይቻልም። ክፍሎቹ የሚገናኙት በአየር ኃይሉ የጥገና ማዕከሎች ነው። ሌበስ የሠራው ክፍል ሌላ ከተማ ከተሠራ ክፍል ጋር መጀመሪያ የሚተያዩት እዚያ ነው። እዚያ ደግሞ የሚጠብቃቸው መላጊያ የያዘ አናጺ ሳይሆን ብሎን የያዘ ወታደር ነው። ቀዳዳው ከቀዳዳው ጋር ካልገጠመ አውሮፕላኑ የለም።

መፍትሔው ፎርማ ነበር። ክፍሉ የሚሠራው ፎርማው ውስጥ ተይዞ ነው፣ የመጋጠሚያ ቀዳዳዎቹ ቦታ በብረት ልክ ተወስኗል። ፎርማው ትክክል ከሆነ ሠራተኛው ትናንት የገባ ቢሆን እንኳ ክፍሉ ይገጥማል። ይህ ሌበስ ለቁም ሳጥን በር ድሮም የሚያደርገው ነገር ነው።

ለዚህም ነው ብዙ ሴቶች ሥራውን ሊይዙት የቻሉት። በዲሴምበር 1941 የወጣው ሕግ ከ20 እስከ 30 ዓመት ያሉ ያላገቡ ሴቶችን ለጦርነት ሥራ መጥራት ፈቀደ። ሚስማር መትተው የማያውቁ ሴቶች የአውሮፕላን ክፍል አጣበቁ፣ መረመሩ፣ አሸጉ። የዓመታት ልምድ የሚፈልግ ንድፍ ቢሆን ኖሮ አይቻልም ነበር።

ከ3,600 በላይ ሆርሳ ተሠርቷል። ኤርስፒድ ራሱ ክራይስትቸርች በሚገኘው ፋብሪካው ብዙ መቶዎችን ሠርቷል። አብዛኛው ግን የወጣው ኦስቲን የተባለው የመኪና ኩባንያ እና ሃሪስ ሌበስ ከሚመሯቸው የሠሪዎች ቡድኖች ነው። ሌበስ በተጓዳኝ የሞስኪቶ ክፍሎችን፣ የወታደር ማራገፊያ ጀልባዎችን፣ ጠላትን ለማታለል የሚቆሙ የእንጨት ታንኮችንም ይሠራ ነበር።

ሥራው ጦር ሜዳ ላይ እንዴት ሆነ? መጀመሪያው መራራ ነው። ኖቬምበር 19 ቀን 1942 ሁለት ሆርሳዎች ኖርዌይ ውስጥ ያለውን የከባድ ውኃ (ለአቶሚክ ምርምር የሚፈለግ ልዩ ውኃ) ፋብሪካ የሚያወድሙ ወታደሮች ይዘው ተላኩ። አየሩ ክፉ ነበር። ሁለቱም ተከሰከሱ። በሕይወት የተረፉትን ጀርመኖች ገደሏቸው። በሁለቱ ግላይደሮች ከነበሩት 34 ሰዎች አንድም አልተመለሰም። በማግስቱ ዓመት ለሲሲሊ ዘመቻ ሆርሳዎች ከእንግሊዝ ቱኒዚያ ድረስ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ በገመድ ተጎትተው ሄዱ። ኮምፔንሳቶ ይህን ሁሉ መንገድ ከአትላንቲክ ነፋስ እስከ ሰሜን አፍሪካ ፀሐይ ቻለው። ሲሲሊ ላይ ግን ብዙ ግላይደሮች ገመዳቸው ያለ ቦታው ተለቆ ባሕር ገቡ፣ ከሁለት መቶ በላይ ወታደር ሰጠመ።

ከዚያ ጁን 6 ቀን 1944 መጣ። የተባበሩት ኃይሎች ጦር በፈረንሳይ ኖርማንዲ ባሕር ዳርቻ መውረድ ገና ሳይጀምር፣ በእኩለ ሌሊት ስድስት ሆርሳዎች 180 ገደማ ሰው ይዘው ወደ ሁለት ድልድዮች ተንሳፈፉ። አዛዡ ሜጀር ጆን ሃዋርድ ነው። የመጀመሪያውን ግላይደር የሚያበረው ጂም ዎልዎርክ ነው። ረዳቱ ጆን ኤይንስዎርዝ በሰዓት ሴኮንድ እየቆጠረ «አሁን ታጠፍ» ይለዋል። ብርሃን የለም፣ ሞተር የለም፣ ሁለተኛ ሙከራ የለም።

እዚህ ላይ የሆርሳ አንድ ነገር ዋጋውን አሳየ። ከክንፉ ኋላ እንደ ጋራዥ በር የሚያክሉ ታጣፊ ገበታዎች አሉት። በታመቀ አየር ወደ ታች ይወርዳሉ፣ አየሩን ይይዛሉ። ግላይደሩ ሳይፈጥን እንደ ደረጃ በቀጥታ ይወርዳል። ትንሽ ሜዳ ላይ ማረፍ የሚቻለው ለዚህ ነው።

ሌሊት 6 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ላይ የዎልዎርክ ሆርሳ መሬት ነካ። ሲቆም ከአንደኛው ድልድይ የሽቦ አጥር 50 ሜትር እንኳ አይርቅም። አፍንጫው ተጨፍልቆ ሁለቱ አብራሪዎች በመስታወቱ ተወርውረው ወጡ። ከኋላ ያሉት ወታደሮች ግን ተነሡ። እንጨቱ ተሰባብሮ ግጭቱን በላው። ድልድዩ በአሥር ደቂቃ አካባቢ ተያዘ። ሌተናንት ዴን ብራዘሪጅ ድልድዩን ሲሻገር ተመትቶ ሞተ። ከስድስቱ አንዱ ግላይደር ብቻ መንገድ ስቶ ራቅ ያለ ወንዝ ዳር አረፈ። ድልድዩ ዛሬ ፔጋሰስ ይባላል።

ከዚያ በኋላም ሆርሳ ኔዘርላንድስ ውስጥ በአርነም፣ ጀርመን ውስጥ ደግሞ በራይን ወንዝ ማዶ ዘመተ። ስለ ሞስኪቶ ብዙ ይወራል፣ ለሆርሳ ግን የሚዘምር ጥቂት ነው። ይገባኛል። ሞስኪቶ ፈጣን ነው፣ ቆንጆ ነው፣ ሄዶ ይመለሳል። ሆርሳ አንድ ጊዜ ወርዶ ይሰበራል። እኔ ግን እንደዚህ አየዋለሁ፦ ከሦስት ሺህ በላይ አውሮፕላን አብዛኛው ለአንድ ጉዞ ብቻ እንደሚውል እያወቁ፣ ያንን አንድ ጉዞ ሲያስቡ ኮላውን በጥንቃቄ መቀባት የራሱ ክብር አለው። ያችን መጋጠሚያ የሚያምን ወታደር ውስጥ ተቀምጧል።

ጦርነቱ ሲያልቅ ሌበስ ወደ አልጋና ቁም ሳጥኑ ተመለሰ። በ1960ዎቹ ማብቂያ አካባቢ ፋብሪካው ተዘጋ። ቦታው ላይ ዛሬ ፌሪ ሌን የሚባል የመኖሪያ ሰፈር አለ።

ሆርሳዎቹም እንዲሁ ወደ ቤት ገቡ ማለት ይቻላል። የተረፉት በርካሽ ተሸጡ። ገላቸው ተቆርጦ የገበሬ ዕቃ ማስቀመጫ፣ ወርክሾፕ፣ መጋዘን ሆነ። ሙዚየሞች በኋላ ሆርሳ ሲፈልጉ የሚያገኙት ከእንዲህ ያለ ጓሮ የወጣ ቁራጭ ነው፤ እንግሊዝ ውስጥ ሚድል ዎሎፕ ባለው የጦር አቪዬሽን ሙዚየም የሚታየው የገላ ክፍል ነው። ሙሉ ሆርሳ ማየት የሚፈልግ ኖርማንዲ፣ ራንቪል ይሄዳል። ፔጋሰስ ድልድይ አጠገብ ባለው ሙዚየም ግቢ በ2004 የተመረቀ በልኩ የተሠራ ቅጂ ቆሟል።